ለዘር የቀረ ጎመን

«ይኼማ ሣር ነው፤ ጥረጉት!» የሚል ድምፅ ከአጥር ወዲያ ሲመጣ ዓለምጸሐይ ጓሮዋ ውስጥ ጎንበስ ብላ ፊቷን እየታጠበች ነበር። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ እንዳለ ጆሮዋን አቀናች። ድምፁ የክንዱ ነው፤ የሟች ጎረቤቷ የእትየ ባንቺአምላክ የወንድም ልጅ፣ ለአክስቱ ተዝካር ብሎ ከነሚስቱ ከደብረ ታቦር የመጣው። ቀጥሎ ማጭድ ሲሠራ ተሰማ። ቀጥሎ ደግሞ የእድሩ ዳኛ አቶ ጣሰው፣ «እስከ ጌሾው ድረስ ከተመነጠረ ድንኳኑ እንደ ልብ ይቆማል» ሲሉ ሰማች። ዓለምጸሐይ ፊቷን ሳታለቀልቅ፣ አረፋውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሄዳ በቆርቆሮው አጥር ስንጥቅ ተመለከተች። የቃሪያው መደብ ተጋምሷል።

ነገሩ ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበትማ ዓለምጸሐይም መናገሪያ አፍ ባላጣች። ተዝካሩ ነገ ነው። የእድሩ ድንኳን ደግሞ ትልቅ ነው፤ አምና በስንት ጭቅጭቅ ተዋጥቶ የተገዛ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ እሱን የሚያህል የለም ተብሎ የሚወራለት። በፊት ለፊት ደጅ እንዳይተከል ማድ ቤቱና የውሃ በርሜሉ ቦታውን ይዘውታል። መንገዱ ላይ እንዳይሆን የቦይ ሥራ ተብሎ ተቆፍሮ ድንጋዩ እንደተከመረ ነው። የሰው ግቢ ይለመን እንዳይባል አቶ ጣሰው ገና ከትናንት ወዲያ፣ «የሰው ተዝካር በገዛ ደጁ ነው፤ ነፍሷስ ብትመጣ የት ብላ ትፈልገን?» ብለው ጨርሰውታል። ክንዱም ቢሆን ክፉ ልጅ አይደለም። አክስቱን በሕይወት ሳሉ በዓመት አንዴ እንኳ ብቅ ብሎ ሳይጠይቃቸው ኖሮ፣ ሲሞቱ ጊዜ ጸጸቱ አላስቀምጥ ብሎት፣ «አክስቴ እንደ ድሃ አትዘከርም» እያለ ከመጣ ጀምሮ ሲሯሯጥ ነው የሰነበተው። ታዲያ በግቢው ውስጥ የተደላደለ ሰፊ ቦታ ሲፈለግ የተገኘው ከቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ ነው። ሴትዮዋን ለማሰብ ሲባል ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ማጨድ፣ ጉድ መሆኑ ለማንም አልታየውም።

ያ ጓሮ የአንድ ቤት ጓሮ ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩ ሁሉ ጓዳ ነበር። እትየ ባንቺ ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው ቆርቆሮው የዛገ ባለ ሁለት ክፍል ቤትና ከጀርባው ያለው መሬት ነው። በዚያ መሬት ላይ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ቃሪያውም፣ በሶብላውም፣ ጤና አዳሙም፣ ጌሾውም ተዛዝለው ይበቅላሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ሁሉ በጋውን የሚዘልቀው በሰፈሩ የእቃ እጣቢ ነበር። ማለዳ ማለዳ ሴቱ እጣቢውን በጀሪካን ይዞ ይመጣል፣ ቦዩ ላይ ይደፋል፣ ችግኝ ይዞ ይመለሳል። የማታውቅ አዲስ ተከራይ መጥታ «እግዜር ይስጥልኝ» ያለች እንደሆነ እትየ ባንቺ እጃቸውን ያወናጭፉባታል፤ «ችግኝና ዘር አይመሰገንም፣ ይደርቃል! ይልቅ ሂጂ ትከይው!» ይሏታል። ይህም ከእናታቸው የወረሱት ነው። ምላሳቸው ስል ነበር። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «ዓለም! ያ ቃሪያሽ ውሃ ጠማው እኮ፤ ወይ አጠጪው፣ ወይ ነቅለሽ ገላግይው» ሲሏት ዓለምጸሐይ ስንት ቀን በሆዷ ተቆጥታለች። አሁን ያ አንገት በአጥሩ ላይ ብቅ ቢል ምን በሰጠች።

ከሁሉም ከሁሉም ግን ጎመናቸው። ሰፈሩ «የባንቺ ጎመን» ነው የሚለው፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ውርጭ የማይበግረው፣ ጠብታ ዘይት ሳይነካው ቢቀቀል እንኳ የማይመር። ከስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ፣ ሲዳሩ እናታቸው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩላቸው ዘር ነው። መንገድ ተዘግቶ ገበያ በጠፋበት ሰሞን ሰፈሩ ክፉውን ቀን ያለፈው በእሱ ነው። እትየ ባንቺ በየዓመቱ ከመደቡ ጥግ ሦስት የበረቱትን መርጠው ቅጠላቸውን ሳይነኩ ይተዋሉ፤ «እናቶቹ» ይሏቸዋል። እናቶቹ አገዳ ያወጣሉ፣ ያብባሉ፣ ፍሬ ይይዛሉ፣ ይደርቃሉ፤ ከዚያ ተወቅተው ዘሩ ለከርሞ ይቀመጣል። ሰኔ ሲገባ ፍሬ ሳያስተርፉ ይዘሩትና ችግኙን ለጎረቤቱ ያድሉታል። ዘንድሮ እናቶቹ ገና ቢጫ አበባ ላይ ሳሉ እትየ ባንቺ አልጋ ያዙ። ዓለምጸሐይ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አጥሚት ስታጠጣቸው እጇን ያዝ አድርገው፣ «እናቶቹን አደራ። እስኪደርቁ ማንም እንዳይነካብኝ» አሏት። «እሺ እትየ» ብትላቸው፣ «እሺማ ለሁሉም ይባላል፤ በእመቤቴ በይኝ» አሉ። «በእመቤቴ» አለች። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ፤ ዓለምጸሐይ ይህን የማታውቅ ሴት አይደለችም።

ስለዚህ ነጠላዋን አጣፍታ ዞራ ገባች። ባሏ እንየው ከሌሎቹ የእድር ሰዎች ጋር የድንኳኑን ቋሚ ተሸክሞ ቆሟል። ክንዱ እጅጌውን ሰብስቦ ማጭድ ይዟል። ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች።

«እሰይ፣ እታለም፣ በሰዓቱ መጣሽ» አለ ክንዱ። «ጾም አይደል፤ ጎመኑን ሴቶቹ ለነገ ይሠሩታል። አንቺ ብትቀነጥሽላቸውስ?»

ዓለምጸሐይ ወደ ጥጉ አየች። ሦስቱ እናቶች የሰው ቁመት አክለው ቆመዋል። ፍሬያቸው ገና አረንጓዴ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ብቻ ቢጫ ማለት ጀምሯል።

«እነዚያን እንኳ... እነዚያን ሦስቱን ባትነኳቸው» አለች።

«ምን አላቸው?»

መልሱ ቀላል ነበር። ለዘር የቀሩ ናቸው፣ አክስትህ አደራ ብለውኛል ማለት ብቻ ነበር። ግን ሚስቲቱ ቀደመቻት። ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ ከባሏ በቀር ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ «ትናንትም ያቺ የወዲያ ቤቷ፣ ጌሾውን አብረን ነው የተከልነው ስትል ነበር። ጎረቤቱ ጓሮውን ለምዶታል» አለች። ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር ትርጉም አያስፈልገውም። ልጅ ሳይተካ የሞተ ሰው ጓሮ ላይ ጣቱን የሚቀስር ጎረቤት ወሰን ሊገፋ ነው፤ ነገ ደግሞ ምስክር ቆጥሮ ካርታ ሊያወጣ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ሰውዬው በሕይወት እስካለ ነው፤ ከሞተ በኋላ ዘመድ ዘመድ ነው፣ ጎረቤትም ጎረቤት። ዓለምጸሐይ ፊቷ ጋለ። አቶ ጣሰው አይተዋታል፣ የእድሩ ሰው ሁሉ አይቷታል፣ እንየው ደግሞ ቋሚውን እንደተሸከመ መሬት መሬቱን ያያል።

«አይ፣ ምንም አይደል» አለች።

ክንዱም «ምንም አይደል» ብሎ ደግሞላት፣ ሦስቱንም በማጭድ ከሥራቸው ቆረጣቸው። አገዳቸው ጠንክሮ ስለነበር ሁለተኛዋን ደጋግሞ መምታት አስፈልጎታል። እያነሳ ወደ ጥራጊው ወረወራቸው። ከቦኖ ውሃ ጭነው የመጡ አህዮች ደጅ ቆመው ነበርና ጥራጊው ወዲያው ተሰጣቸው። ዓለምጸሐይ ቅጠሉን ለወጥ እየቀነጠሰች ቆይታ፣ ሰው ሳያያት ከአህዮቹ እግር ሥር ፍሬ የያዘ አንድ ዘንግ አነሳች። ፍሬውን በጥፍሯ ፈለቀቀችው። ውስጡ ያለው አረንጓዴ ውሃ ነው። ጥቂት ሳምንት ቢቆሙ ኖሮ ይደርሱ ነበር። እነሱን እዚያው ትቶ ድንኳኑን ትንሽ ወዲህ መሳብም ይቻል ነበር፤ ቋሚዎቹ ሲተከሉ ያ ጥግ እንዲያውም ከድንኳኑ ውጭ ሆኖ ቀረ። እዚያ ቦታ የወጥ ድስት ማስቀመጫ አደረጉበት።

ለምሳ ቤቷ ገባች። ቤቷ ከመንገድ በኩል የልብስ ስፌት መኪናዋ የተቀመጠባት ጠባብ ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ አልጋና ቁምሳጥን የሞሉት ሌላ ክፍል ነው። መኪናዋ ላይ ያልተጠናቀቀ የተማሪ ዩኒፎርም አንድ እጅጌው ተንጠልጥሎ ይጠብቃታል። እንየው እጁን ታጥቦ ገባ፤ ሽሮውን አቀረበች፤ ተቀመጡ። ጋብቻቸው ክፉ አይደለም፤ ብዙ መነጋገር የማያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው ይባላል። ዛሬ ግን ያ ዝምታ ሌላ ነበር። እንየው አንዴ ጎርሶ ስለ ድንኳኑ ገመድ ተናገረ፤ አልመለሰችለትም። አንዴ ጎርሶ ሽንኩርት በኪሎ እንደገና መጨመሩን ተናገረ፤ አልመለሰችለትም።

«አደራ እንዳለብኝ ታውቅ ነበር» አለችው በመጨረሻ።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አንድ ቃል ብትደግፈኝ ምን ነበረበት?»

እንየው እንጀራውን ጠቅልሎ ያዘው እንጂ አልጎረሰውም። «ዓለም፣ ሰዎቹ ሐዘንተኞች ናቸው። ለሦስት አገዳ ጎመን ብለን ወሰን ፈላጊ ልንባል ነው? ዝም አይነቅዝም» አለ። ተረቱ እውነት ነው፤ ሰው ሁሉ ሲለው ሰምታለች፣ እሷም ስንት ጊዜ ለሰው ብላዋለች። ዝም አይነቅዝም። ግን ትሪውን ስታነሳ፣ ዝምታ ካልነቀዘ በሆዷ ውስጥ ጠዋት የገባው ነገር ምን ይሆን ብላ አሰበች። አልቅሳ ቢወጣላት ጥሩ ነበር። አላለቀሰችም፤ ለቅሶ ለሟች እንጂ ለጎመን አይለቀስም።

ከሰዓት ለተዝካሩ ትሪና ብርጭቆ ከየቤቱ የሚሰበስብ ሰው ሲፈለግ፣ «እኔ» አለች ፈጥና። ትሪው ምክንያት ነው፤ ዓይኗ ያለው በየቤቱ ጓሮ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ቤት በየዓመቱ የባንቺን ጎመን ችግኝ ሲወስድ ኖሯል፤ አንድ፣ አንዲት ብቻ፣ ሳይቀነጠስ ቀርቶ አብቦ ፍሬ የያዘ አይጠፋም ብላ አሰበች። በየበሩ ገባች። በየቤቱ ትሪው በስሙ ምልክት ተደርጎበት ይሰጣታል፤ አንዷ ቀይ ክር፣ አንዷ የጥፍር ቀለም። «እንዲያው ያ የእትየ ባንቺ ጎመን ከጓሮ አለሽ?» ትላለች። «የሷ ጎመን? ምን ያለ ጎመን ነበር! ለመስቀል ማግስት ጨረስነው» ትላለች አንዷ። «አገዳ ሊያወጣ ሲል ነው እንጂ የሚጣፍጠው፣ አገዳውን ልጠን በላነው» ትላለች ሌላዋ። አንዷ ለዶሮ ሰጥታዋለች፤ አንዷ ነቅላ ድንች ተክላበታለች፤ አንዷ ጓሮውን ሸንሽና ክፍል ሠርታ አከራይታዋለች። ከሁሉም ልኩን የነገረቻት ከቧንቧው አጠገብ ያለችው ሴት ናት። «ለዘር የተውሽው የለም?» ብትላት፣ «ዘርማ ምን ቸገረኝ፣ እትየ ባንቺ...» ብላ ጀመረችና እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ሁለቱም ትሪውን ግራና ቀኝ ይዘው ቆሙ። ነገሩ ይኸው ነው። ለዘሩ እትየ ባንቺ ነበሩና ማንም እናት አላስቀረም። ዓለምጸሐይ ራሷም የእሷን ድርሻ ከቀነጠሰች ቆይታለች፤ የመጨረሻውን ቅጠል የቆረጠችበት ቀን እንኳ ትዝ አላላትም።

ሀጂራ ሱቅ ስትደርስ ትሪው እጇን አዝሎታል። ሀጂራ ከገበያው አፍ ላይ ቅመም ትሸጣለች፤ ኮረሪማው፣ እርዱ፣ ጥቁር አዝሙዱ በየከረጢቱ አፉን ከፍቶ ተደርድሯል። ከእትየ ባንቺ ጋር የድሮ ወዳጅ ናቸው፤ ረመዳን ሲገባ ለሾርባ የሚሆናትን ቅጠላቅጠል የምትወስደው ከዚያ ጓሮ ነበር። ትሪ የላትም፤ ብርጭቆ ሰጠቻት። ስለ ጎመኑ ስትጠይቃት ሳቅ አለች። «የኔንማ በጉ ጨረሰው፤ እሳቸው ሰምተው ስንት ቀን ሰደቡኝ መሰለሽ። አላህ ይዘንላቸው» አለች። ከዚያ ፊቷን አይታት ሳቋን ተወች። ዓለምጸሐይ ነገረቻት። ሙሉውን የነገረቻት ለእሷ ብቻ ነው፤ «ምንም አይደል» ማለቷን ሳይቀር።

ሀጂራ አንዱን ከረጢት ጎተተች። «ጎመን ዘር ከሆነ ይኸው ሞልቷል። ሰው የሚወስደው ምጣድ ሊያስስበት ነው፤ ቢዘሩት ግን ይበቅላል።»

«የየት አገር ነው?»

«የገበያ ነዋ። ከአርብ ገበያም ይመጣል፣ ከሌላም። ግማሹ ይመራል ይላሉ» አለችና በስኒ ሰፍራ በፌስታል ቋጠረችላት። ዓለምጸሐይ ገንዘብ ልታወጣ ወደ መቀነቷ ብትሰድ እጇን ያዘቻት። «ተይው፤ ለእሳቸው ጓሮ አይደል? ባዶ ከሚሆን ብዬ ነው።» ዓለምጸሐይ ፌስታሉን ብብቷ ውስጥ ከተተችው። በዚያ ሰዓት ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። እውነት ለመናገር፣ ጎመን ጎመን ነው ብላ ራሷን ልታባብል ሞክራ አቅቷት ነው ከሱቁ የወጣችው።

ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ተሰብስበው ሽንኩርት ይልጣሉ። መሬቱ ገና የጤና አዳም ይሸታል፤ የተረገጠው ሁሉ ሽታውን እየሰጠ ነው። ስለ ዘይት ዋጋ ተወራ፤ ስለ ምስር ተወራ፤ ክንዱ ስንት ኩንታል ጤፍ እንዳስፈጨ ተወራ፣ ደግ ነው ተባለለት። ደግሞ የእትየ ባንቺ ነገር ተነሳ። አንዷ እንዴት እንደተሳደቡባት አስመስላ ብታወራ ሁሉም ሳቀ፤ ከሳቁ ኋላ አፍንጫቸውን በነጠላ የጠረጉ ነበሩ፤ በሽንኩርቱ አመካኙ። «ይቺን ጎመን ለነገ ብቻ አይደለም፤ ከርሞም እንበላታለን። ዘሩ ዓለም ጋ ነው፤ ለእሷ ነው አደራ የሰጧት» አለች አንዷ። «እሷማ ታማኝ ናት» አለች ሌላዋ። ዓለምጸሐይ ከሽንኩርቷ ቀና አላለችም። ከዚያ አንድ ነገር ሰማችና ልቧ ተነሳ። የእትየ ባንቺ ታላቅ እህት፣ እመዋ ውባለም፣ ከወገዳ ማዶ ዛሬ ማታ ይደርሳሉ። ዘሩ የመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ቤት አይጠፋም። እግራቸው ላይ ወድቃ እውነቱን ትነግራቸዋለች፤ ቢቆጡም ይቆጡ፤ ለከርሞ አንዲት እፍኝ ይልኩላታል፤ ሰፈሩም እሷም ይድናሉ። ሽንኩርቱን ከሁሉ ቀድማ ጨረሰች።

እመዋ ውባለም የመጡት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እስከ መኪናው መንገድ በእግራቸው ወርደው፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ተንገላተው፣ አቧራ ለብሰው ገቡ። ደጁ ላይ ሲደርሱ ሙሾውን ለቀቁት፤ ሴቱም ተቀበላቸው። «እቴ ባንቺ፣ እቴ ባንቺ» እያሉ ቆይተው ድምፃቸው ሲሰበር ክንዱ ደግፎ ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጣቸው። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ለነገ ከተሠራው ላይ ተቆንጥሮ ቀረበላቸው፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ዓለምጸሐይ እጃቸውን ልታስታጥባቸው ቀረበች፤ እንደጨረሱ በጆሯቸው ልትነግራቸው ከጎናቸው ቁጢጥ አለች። እመዋ ውባለም ከጎመኑ ጎረሱ። አላመጡና መንጋጋቸው ቆመ። ፊታቸው ሌላ ሆነ።

«ይቺማ የእናቴ ጎመን ናት!» አሉ። እያለቀሱ ሳቁ፤ ደግመው ጎረሱ። «ተመስገን፤ ባንቺ ሙታም አልጠፋችም። እኛ ጋማ ካቻምና በረዶ አገዳዋን ሰባብሮ፣ ለዘር እንኳ ሳትቀር ጠፋችብን። ዘንድሮ እልክልሻለሁ ብላኝ ነበር፤ እሷ ቀደመች። ይኸው ራሴ መጣሁ።» የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አሳዩ። ባዶ ነው። «እናታችን ስትድራት ዘሩን እንዲህ ነበር የቋጠረችላት። እንዲያው የታሉ እናቶቹ? ደርቀዋል?»

በድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ወደ ዓለምጸሐይ ዞሩ። ክንዱ ጠዋት የቆረጣቸው ምን እንደነበሩ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ቀና ብሎ ዓለምጸሐይን አያት፤ ዓይኑ ለመናት። ሚስቱ ስልኳን አስቀምጣ ነበር። አቶ ጣሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንየው ከድንኳኑ በር ላይ ገመድ ይዞ ቆሞ፣ እንደ ጠዋቱ መሬት መሬቱን ያያል። አሮጊቷ ባዶውን ጫፍ ዘርግተው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ይመለከታሉ፤ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ሊወርድ ነው። ዓለምጸሐይ ያን ፈገግታ ሲወርድ ማየት አልቻለችም። እጇ ሳታዘው ብብቷ ውስጥ ገባ።

«ዘሩ... እኔ ጋ ነው» አለች። «አደራ ብለውኝ ነበር።»

ፌስታሉን ሲቀበሏት እመዋ ውባለም ከተቀመጡበት ተነስተው ግንባሯን ሳሟት። «አደራ አዋቂ! እጅሽ የነካው ይለምልም፣ ቤትሽ አይጉደል፣ የወለድሽው ይባረክ፣ በእህቴ አጠገብ እንደቆምሽ እግዜር ባንቺ አጠገብ ይቁም!» በእያንዳንዱ ምርቃት ሰዉ አሜን ይላል። ከሁሉም የክንዱ አሜን ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር። ዓለምጸሐይ አንገቷን እንደደፋች ሐምሌን አየችው፤ ዝናቡ ሲጠና፣ እዚህም መካነ ኢየሱስ፣ እዚያም ወገዳ ማዶ፣ ያ መራራ ነገር ሲበቅል፣ ሰዉ ቀምሶ ፊቱን እያጨፈገገ፣ «የባንቺ ጎመን ከፋ» ሲል። ከዚህስ ባይበቅል ይሻላል አለች በልቧ። ልትናገርም አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን አሮጊቷ ዘሩን ለሁለት እየከፈሉ ነበር።

እኩሌታውን በነጠላቸው ጫፍ አጥብቀው ቋጠሩ። የቀረውን ከነፌስታሉ ወደ ዓለምጸሐይ ዘረጉ። «ይኼ ያንቺ ነው። ዘር በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥም ልጄ፤ እኛ ጋ ሲጠፋ እዚህ ተገኘ። እዚህ ቢጠፋ ደግሞ እኛ ጋ ትመጫለሽ» አሉ።

ዓለምጸሐይ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

እመዋ ውባለም ደነገጡ። «ኧረ በማርያም! ዘር አይመሰገንም እኮ፣ ይደርቃል!»

ዓለምጸሐይ ይህን ታውቃለች። አሮጊቷ ወደ ቋጠሩት የነጠላ ጫፍ ጎንበስ ብላ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማት ጮክ ብላ፣ ደግማ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።